ሠርግ የማን ሥራ ነው? ከሽማግሌ እስከ ክብር መዝገብ ሹም

ለዚህ እትም ታሪክ ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም። ጥያቄው የመጣው ከክፍል ነው። በእንግሊዝኛ የንባብ መጽሐፋችን ውስጥ ስለ ሠርግ የሚናገር አንድ ምዕራፍ አለ። ምዕራፉ ሠርግ ለማዘጋጀት የሚረዱ ባለሙያዎችን አንድ በአንድ ይጠራል፤ ዝግጅቱን የሚያስተባብር፣ ምግብ የሚያቀርብ፣ አበባ የሚደረድር፣ ፎቶ የሚያነሳ፣ ሙዚቃ የሚያጫውት፣ ኬክ የሚጋግር። ተማሪዎቻችን ቃላቱን ደብተራቸው ላይ ገልብጠው ሲጨርሱ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እነዚህ ሁሉ በገንዘብ ነው የሚመጡት? ታዲያ ዘመዶቿ ምን ይሠራሉ?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ሳቀ። እኛ ግን በኋላ ሻይ ላይ ቁጭ ብለን ስናወራ ጥያቄው የሚያስቅ ሆኖ አላገኘነውም።

መጀመሪያ የተቸገርነው በአንዲት ቃል ነው። «ባለሙያ» ብለን ነበር የተረጎምንላቸው። ነገር ግን በአማርኛ «እሷ እኮ ባለሙያ ናት» ሲባል ሰው የሚረዳው ደመወዝተኛ ሴት ማለት አይደለም። ወጧ የሚጣፍጥ፣ ጠላዋ የሚጠጣ፣ እንጀራዋ ዓይን ያለው ሴት ማለት ነው። ይህ ቃል ለረጅም ዘመን የቆመው ምንም ሳይከፈላት ሠርገኛውን ለምታበላ ሴት ነው። እንግዲህ የልጅቷ ጥያቄ ሰፋ ሲል እንዲህ ይሆናል፦ ሠርግ ላይ በዝምድና የሠራው ማን ነው? በሙያው የተጠራውስ? ከሁለቱስ የተከበረው ማን ነው?

ቆመው የሚናገሩ ሰዎች

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። በአማራው አገር ወግ ሠርግ የሚጀመረው በሽማግሌ ነው። የልጁ አባት የተከበሩና አንደበታቸው የተገራ ሰዎች መርጦ ወደ ልጅቷ ቤት ይልካል። ሽማግሌዎቹ እንደገቡ ቁጭ በሉ ቢባሉም ቶሎ አይቀመጡም፤ የመጡበትን ጉዳይ ቆመው ይናገራሉ። የልጅቷ አባትም ደስ ቢለው እንኳ ወዲያው እሺ አይልም። «ከዘመድ ልማከርበት» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ጥሎሹ፣ ማጫው፣ ከሁለቱም ወገን ለጎጆ መውጫ የሚሰጠው ከብት፣ የሠርጉ ቀን፣ የእድምተኛው ብዛት ሁሉ በሽማግሌ አፍ ያልፋል። ሽማግሌ ዘርም ይቆጥራል፤ እስከ ሰባት ቤት የሚገናኙ ሰዎች እንዳይጋቡ የሚጠብቀው እሱ ነው። ለዚህ ሁሉ ደመወዝ የለውም። ነገር ግን ሥራው በልምድ የሚገኝ ሙያ ነው፤ ማንም ተነስቶ አይሠራውም።

ሚዜ ደግሞ ዛሬ ሱፍ ለብሶ ፎቶ የሚነሳ ጓደኛ ብቻ ይመስለናል። የድሮው ሚዜ ሸክሙ ሌላ ነበር። ሙሽራዋን ከአባቷ ቤት ተረክቦ፣ በበቅሎ ወይም በጀርባው አዝሎ ወንዙን ያሻግራታል፤ በማታውቀው ቤት ውስጥ እንደ ወንድም ይሆናታል። ባሏ ቢበድላት መጀመሪያ አቤት የምትለው ለሚዜዋ ነው። ይህ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የሙሽሮቹን ዕድሜ ማስታወስ ይበቃል። ዘውዲቱ ምኒልክ በ1875 ዓ.ም. ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ስትዳር የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች። ያ ሠርግ የሁለት ገዢዎች ውል ነበርና ሕፃኗን ማንም አልጠየቃትም። ወጉን ስናወድስ ይሄንንም አብረን ማንሳት ይገባናል። ሚዜ ያስፈለገው ልጅቷ ብቻዋን ስለነበረች ነው።

ሦስተኛው እማኝ ነው። በሰማንያ ጋብቻ ሁለቱ ወገኖች ዋስ ጠርተው፣ ንጉሥ ይሙት ብለው ምለው፣ ሀብታቸውን አስቆጥረው ይዋዋላሉ። ውሉ በጽሑፍ በማይሰፍርበት ቦታ መዝገቡ የእማኙ ጆሮ ነው። ይህን ሰው ልብ በሉልን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ጥበብ የሚሸምነው ሰው

አሁን ወደሚከብደው ጉዳይ እንምጣ።

ሙሽራዋ ከላይ እስከ ታች የለበሰችውን አስቡ። ጥጡን የፈተለችው እናቷ ናት፤ ፈትል መፍተል ለእመቤትም ነውር አልነበረም። የተፈተለውን ግን የሚሸምነው ሸማኔ ነው። ጠርዙ ላይ በቀለም የሚወርደውን ጌጥ «ጥበብ» እንለዋለን። ጨርቁን ጥበብ ብሎ የጠራው ሕዝብ የሠራውን ሰው በሙያው ይሰድበው ነበር። በጎንደር ሸማኔው ብዙውን ጊዜ እስላም ወይም ቤተ እስራኤል ነበር። በአዲስ አበባ ደግሞ ከጋሞ ደጋ የመጡት ዶርዜዎች ናቸው፤ የሽሮ ሜዳ ገበያ ዛሬ ድረስ የሙሽራ ልብስ የሚገዛበት ቦታ የሆነው በእነሱ እጅ ነው።

ከልብሱ ወደ ጌጡ ስንሄድም ያው ነው። ድሪው፣ ጉትቻው፣ አልቦው ከአንጥረኛ እጅ የወጣ ነው። አንጥረኛው ማርትሬዛ ብር አቅልጦ ነበር የሚሠራው፤ ማለትም ጥሎሽ ሆኖ የመጣው ብር ራሱ ቀልጦ በሙሽራዋ እግር ላይ ይንቆጫቆጭ ነበር። በሬው የሚታረድበትን ቢላዋ የሠራው ቀጥቃጩ ነው። ወጡ የተሠራበትን ድስትና ጠላው የተጠመቀበትን ጋን የሠራችው ሸክላ ሠሪዋ ናት። እነዚህ ሰዎች ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል ይባልባቸው ነበር። አሽሙሩ በሰሜን ብቻ አልነበረም። በጉራጌም፣ በከፋም፣ በጋሞም በየቋንቋው ስም ወጥቶለት ይገኝ ነበር።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ያለ እነሱ ሠርግ የለም፤ ከእነሱ ጋር ግን ጋብቻ የለም። ባለመሬቱ ገበሬ ለልጁ ሠርግ ቀጥቃጩንም ሸክላ ሠሪዋንም ይፈልጋቸዋል፤ ልጃቸውን ለልጁ ያጭ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ ቢል ግን ዘመዱ ሁሉ ይነሳበት ነበር።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን፣ ነጋዴውን፣ ጸሐፊውን በሥራው የሚያንቋሽሽ ሰው እንዲቀጣ ነው አዋጁ። ያኔ አገሪቱ መንገድ፣ ስልክ፣ ባቡር የምትጀምርበት ጊዜ ስለነበር ንጉሡ ባለ እጅ አስፈልጓቸዋል። አዋጁ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አዋጅ ስድብን ቢከለክል ማጋባት አልቻለም። እኛ ራሳችን ልጆች ሳለን «የቀጥቃጭ ልጅ» የሚለውን ስድብ ሰምተናል፤ አንዳንዶቻችንም ብለነዋል። ካምፕ ውስጥ ሁላችንም በአንድ ዓይነት ሸራ ሥር እያደርን ይኸው ቃል ሲወጣ ሰምተን ደንግጠናል።

አዝማሪው ነገሩ ትንሽ ይለያል። እሱም ከአዝማሪ ቤት ነው የሚያገባው፤ መሬት የለውም፤ ማሲንቆውን አንግቦ ከሠርግ ወደ ሠርግ ይዞራል። ግን አፍ አለው። ዳስ ውስጥ ሲገባ የሙሽራውን ዘር አስቀድሞ ጠይቆ ነው፤ ማን ጀግና እንደነበር፣ ማን ስስታም እንደሆነ ያውቃል። እድምተኛው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱም ተቀብሎ ያዜማል፤ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል። ሰምና ወርቅ አድርጎ ጌታውን ሲሰድበው ጌታው ስቆ ይከፍላል፤ ገና ማታ ቤቱ ሲገባ ነው የሚገባው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ጣሊያኖች አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን ለይተው የገደሉት ለዚህ ነው። የአዝማሪው ወሬ ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከገበያ ወደ ገበያ እንደሚሄድ ገብቷቸው ነበር።

ከግብር አዳራሽ እስከ ድንኳን አከራይ

የእንግሊዝኛው መጽሐፍ እንግዳ ተቀባይ፣ አስተናጋጅ፣ የመድረክ መሪ እያለ የሚዘረዝራቸው ሰዎች በቤተ መንግሥት ግብር ላይ ከጥንት ጀምሮ ስም ነበራቸው። አጋፋሪ በር ላይ ቆሞ ማን እንደሚገባና የት እንደሚቀመጥ ይለያል። ሊጋባ ባለጉዳዩንና እንግዳውን ወደ ንጉሡ ያቀርባል። አሳላፊ ጠጁንና እንጀራውን ያሳልፋል። ጠጅ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ እንጀራ ቤቱ እያንዳንዱ የራሱ ኃላፊ አለው። በምኒልክ አዳራሽ በአንድ ግብር ብዙ ሺህ ሰው በየተራ ይበላ ነበርና ይህ ሁሉ ያለ ሥርዓት አይሆንም። ባላባቱም በአቅሙ ይህንኑ ይኮርጃል፤ ልጁን ሲድር አንዱን ዘመዱን አጋፋሪ፣ ሌላውን አሳላፊ ያደርገዋል። በገጠሩ ሠርግ ላይ ወጣቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ሲያሳልፉ የምናየው ከዚሁ ግብር ጋር ይመሳሰላል።

በከተማ ግን ሥራው ቀስ በቀስ ለተከፋይ ሄደ። ፎቶግራፍ አንሺው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ዘመን መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው ለንግሥት ዘውዲቱና ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ሠሩ። ቀጥሎ ተራው ሰውም በሠርጉ ማግሥት ፎቶ ቤት መሄድ ጀመረ። ነጩ ልብስም መጣ፤ ስሙን «ቬሎ» ያልነው ከጣሊያንኛ ነው፤ ቃሉ ዓይነ ርግብ ማለት ቢሆንም እኛ ቀሚሱን ሁሉ ጠራንበት። ቬሎ አከራይ፣ ሙሽራ አስጊያጭ፣ ኋላም ቪዲዮ ቀራጭ፣ የዲኮር ሠራተኛ፣ ዲጄ እያለ ዝርዝሩ ረዘመ።

እድርን ግን መዝለል አይቻልም። እድር ለቀብር የተቋቋመ ነው፤ ነገር ግን ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና ሳህኑ ለሠርግም ይወጣል። ዳስ ለመጣል የሰፈር ልጅ ቅጠል ይቆርጥ የነበረው ቀርቶ የእድር ድንኳን ተተከለ፤ ቀጥሎ ደግሞ ድንኳን አከራይ መጣ። የሰፈር ሴቶችም ሦስትና አራት ቀን ሽንኩርት ሲከትፉ የሚያድሩት ቀንሶ ወጥ ሠሪ በክፍያ ትቀጠራለች። አንዳንድ ሰው ይሄን «ባህላችን ጠፋ» ይለዋል። እኛ በዚህ አንስማማም። ያቺ ባለሙያ የምትባል ሴት በሙያዋ የተከፈላት ያኔ ነው። ደግሞም የሚያዋጣውና የሚያስተባብረው ዘመድና ጎረቤት አልቀረም፤ ሥራው ነው የተለወጠው።

ጁባ ላይ የሚገናኙት

የጁባን ወደብ የሚያውቅ ሰው ይሄን ነገር በዓይኑ ያየዋል። ከኮስቲ እስከ ጁባ ያለው የነጭ ዓባይ መንገድ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከጁባ በላይ ወንዙ ድንጋያማ ስለሆነ ባርጁ እዚያው ይቆማል። የደቡብ ሱዳን ነፃነት ሲመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2011ና በ2012፣ ካርቱምና አካባቢው ሲኖሩ የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከኮስቲ በባርጅ ተጭነው እዚህ ወደብ ወርደዋል። አልጋቸውን፣ ቁም ሳጥናቸውን፣ በራቸውን ሳይቀር ይዘው ነበር። ዕቃ ላይ የማይጫን ሌላም ነገር ይዘው መጥተዋል። አንዱ የሠርግ ወግ ነው። ሙሽራ ላይ ሂና የምትስለው ሴት በሱዳን «ሐናና» ትባላለች፤ በሙያዋ የምትኖር ባለ እጅ ናት። ሙሽሮቹ የሚቀመጡበትን ያጌጠ መድረክ «ኮሻ» ይሉታል፤ እሱንም የሚሠራ ባለሙያ አለው።

ከሌላ አቅጣጫ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2005ቱ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከኡጋንዳና ከኬንያ ብዙ ሰው ወደ ጁባ ገባ። የኛ ሰዎች ሆቴልና ምግብ ቤት ከፈቱ፣ ውኃ በቦቴ አመላለሱ። ምግብ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ሠርግ ማብላቱ አይቀርም። ወንዙ ዳር በተደረገ አንድ ሠርግ ላይ ተገኝተን ነበር። ድንኳኑንና ወንበሩን ያከራየው ኡጋንዳዊ ነው፤ ምግቡን የሠራችው የጎንደር ሴት ናት፤ ሂናውን የሳለችው ካርቱም ያደገች ልጅ ናት። ተጋቢዎቹ ዲንቃዎች ነበሩ። ሁሉም በገንዘብ የመጡ ናቸው። ዋናው ጉዳይ ግን ያለቀው ከወራት በፊት፣ ዛፍ ሥር፣ የሁለቱ ወገን ሰዎች ከብት ሲቆጥሩ ነው፤ እዚያ ተከፋይ ሰው አልነበረም።

ይህ ነገር በኑዌርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በኑዌር አገር ያጠናው እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ ለሙሽራ የሚሰጠው ከብት በወጉ 40 እንደሆነ፣ በአባቷና በእናቷ ወገን እንደሚከፋፈል ጽፏል። ሥርዓቱን የሚመራውንና ቅድመ አያቶችን የሚጠራውን ሰው ኑዌሮች «ጓን ቡትኒ» ይሉታል። ይህ ሰው የግድ የዘር ተወላጅ መሆን አለበት፤ በክፍያ ከውጭ አይመጣም። በአኙዋክ ደግሞ ከከብት ይልቅ «ዲሙይ» የሚባል አሮጌ ሰማያዊ ዶቃ ነው የሚሰጠው። ዶቃው ከቤት ቤት ይዞራል፤ በእህት ሠርግ የገባው ዶቃ በወንድም ሠርግ ይወጣል። ስለዚህ የትኛው ዶቃ ከማን እንደመጣ የሚያስታውስ ሽማግሌ ከማንም ዲጄ ይበልጣል።

ስደት ላይ ግን ያ ሽማግሌ የለም። ከብቱም በጦርነት አልቋል፤ ዶቃውም ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ጁባ ውስጥ የተጀመረው ጦርነት ስንቱን ቤተሰብ ከሁለት እንደከፈለ አንባብያን ታውቃላችሁ። ካምፕ ውስጥ ወንዱ ሽማግሌ ልላክ ሲል አባቱ የለም፤ ጎረቤቱን ይልካል። መምህሩ ተልኮ ያውቃል። እኛም ተልከን እናውቃለን፤ ቆመን መናገሩን ረስተን ወንበር ስበን በመቀመጣችን የልጅቷ አያት እስከ ዛሬ ይስቁብናል።

የሚጽፈው ሰው

በመጽሐፉ ዝርዝር ውስጥ አንድ ባለሙያ ተረስቷል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጋብቻ በሦስት መንገድ ይጸና ነበር፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል። ሕጉ ስለ ክብር መዝገብ ሹም ቢናገርም ሹሙ ለብዙ ዓመት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሴትም ለወንድም የጋብቻ ዕድሜን 18 አደረገው፤ ቀድሞ ለሴት 15 ነበር። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስደተኛው የተካተተው ከዚያ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. በወጣ ማሻሻያ አዋጅ ነው፤ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በጋምቤላና በሌሎች ካምፖች ያሉ ስደተኞች ጋብቻቸውን ማስመዝገብ ችለዋል።

ሙሽራዋ 18 መሙላቷን፣ ሁለቱም ወደው መምጣታቸውን የሚጠይቀው ይህ ሹም ነው። ሽማግሌው በድሮ ጊዜ ያልጠየቀውን ጥያቄ ማለት ነው። ሹሙ አይዘፍንም፣ አያበላም፣ ፎቶው ላይም አይታይም። ወረቀቱ ሳይኖር ስንት ነገር እንደሚከብድ ግን ሰው የሚያውቀው በኋላ ነው። ባል ሲሞት ውርስ፣ ልጅ ሲወለድ አባትነት፣ አንዱ ወደ ሦስተኛ አገር ሲሄድ ሌላውን ማስከተል።

የምናውቃቸው ባልና ሚስት አሉ። ሠርጋቸው ያማረ ነበር፤ ድንኳን ተከራይተው፣ ኬክ ቆርሰው፣ ቪዲዮ አስቀርጸው ነው የተጋቡት። ምዝገባ የሚባል ነገር በአካባቢያቸው አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ቤተሰብ መሆናቸውን አስረዱ ሲባሉ ቪዲዮውን ይዘው ሄዱ። ዲስኩ ተበላሽቶ አልከፍት አለ። ቢከፈትም ኖሮ ምን ያህል እንደሚረዳቸው አናውቅም። ቀጥሎ የቀረበላቸው ጥያቄ «የሚመሰክርላችሁ ሰው አለ ወይ?» የሚል ነበር። ሽማግሌዎቹ አርፈዋል። አንደኛ ሚዜያቸው ግን በሌላ ካምፕ ውስጥ ይኖር ነበርና አስጠሩት። የይለፍ ወረቀት አውጥቶ፣ ሁለት ቀን በጭነት መኪና ላይ ተጉዞ መጣ። ሲጠየቅ የሠርጉን ቀን፣ የዋሶቹን ስም፣ ሙሽራዋን ከየትኛው ቤት አንስቶ የት እንዳደረሳት፣ በመንገድ ላይ ዝናብ እንደያዛቸው ሳይቀር ተናገረ። ጸሐፊው እየሰማ ጻፈ።